ስለ አቧራ መሳቢያ መኪና፤ ከመግዛት በፊት ማንን መጠየቅ ይገባል?

የቤት ንጽሕና የባለቤቱን አያያዝ እንደሚገልጥ ሁሉም ያውቃል፤ እንግዳም ወደ ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ወለሉንና ምንጣፉን ነው። ነገር ግን ያ ወለል እስኪጠራ ድረስ የሚጠርገው ሰው ምን ሲተነፍስ እንደ ቈየ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ለመናገር ያሰብሁት በተለምዶ ቫኪዩም ስለሚባለው፤ አቧራን ከአየር ጋራ እየሳበ ስለሚያነሣው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የምጽፈውም በገዛ ቤቴ ተሳስቼ፤ ስሕተቴንም በሁለተኛ ግዢ ካረምሁ በኋላ የተረዳሁትን ነው።

ቤቴ የሚገኘው በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ በቃሊቲ ነው። የቃሊቲን ኑሮ የሚያውቅ ሰው አቧራ ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ የሚመጣው ከባድ የጭነት መኪና ሌትና ቀን ያልፍበታል፤ ፋብሪካው፤ የዕቃ መጋዘኑና በመሠራት ላይ ያለው ሕንፃ ጐን ለጐን ነው። ክረምት ሲሆን መሬቱ ስለሚረጥብ ጥቂት ፋታ እናገኛለን። መስከረም አልፎ አደይ ከረገፈች በኋላ ግን የበልግ ዝናም እስኪመጣ ድረስ፤ ጧት የተወለወለ ጠረጴዛ ከቀትር በኋላ በጣት ሊጻፍበት ይችላል።

ከእኛ ጋራ ተቀምጣ የምትማር የእኅቴ ልጅ አለች። ወደ ትምህርት ቤት ከመሄድዋ በፊት ጧት ጧት ሳሎኑን የምትጠርግ እርስዋ ናት። ምንጣፉን በደረቅ መጥረጊያ ስትጠርገው ቤቱ ጢስ የገባበት ይመስል ነበር፤ ከጠረገችም በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ያህል ትስላለች። እኛም የጧት ብርድ ነው እያልን አንድ በጋ ሙሉ አሳለፍን። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ብንወስዳት ሳሉ አስም መሆኑን ነገረን፤ መድኃኒትም አዘዘላት፤ ከአቧራም እንድትርቅ አጥብቆ መከረን። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ መጥረጊያው ቀርቶ የአቧራ መሳቢያ መኪና እንዲገዛ አሳሰበችኝ።

እኔም ወደ ገበያ ወረድሁ። ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ መልክ ያለው፤ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፤ በሳጥኑም ላይ 2,400 ዋት ተብሎ በትልልቁ የተጻፈበት አንድ መኪና ነበር። ሻጩም ሐሳቤን ከዓይኔ አውቆ «ጌታዬ፤ ከዚህ የበለጠ ኃይል ያለው ቢፈልጉ አያገኙም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፤ በሳሎን ጥግ ቢቀመጥ እንኳ ለቤቱ ግርማ ይሆናል ብዬ ጭምር ነው የገዛሁት። በችሎት ስቀመጥ ማንም ሰው ስለ ራሱ የሚመሰክረው ምስክርነት ብቻውን እንደማይበቃ ሁልጊዜ አያለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ሳጥኑ ስለ ራሱ የመሰከረውን ያለ ሌላ ምስክር ተቀበልሁ።

መኪናው በጩኸቱ ጐረቤቱን ሁሉ አስደነገጠ፤ ምንጣፉም ቀለሙ ተመለሰ፤ እኛም ደስ አለን። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ጧት፤ ፀሐይ በመስኮት በገባች ጊዜ፤ አማቴ በወንበራቸው ተቀምጠው ጨረሩን ይመለከቱ ነበር። ከመኪናው ኋላ በኩል የሚወጣው ነፋስ በጨረሩ ውስጥ እንደ ደቀቀ ዱቄት ሲበተን አዩና «ልጄ፤ ይህ መኪና ትቢያውን ከምንጣፉ አንሥቶ ወደ ደረታችን ነው ያዛወረው» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። የልጅቱ ሳል ሊቀንስ ቀርቶ ባሰ።

ያን ጊዜ ጠርቼ ስለ መኪናው የሚሰማትን ጠየቅኋት። እርስዋም ጥቂት ከተግደረደረች በኋላ «ጋሼ፤ መያዣው ሲሞላ ስደፋው አቧራው ፊቴ ላይ ይመለሳል። ክብደቱም ብቻዬን ደረጃ ላይ ለማውጣት ያስቸግረኛል» አለችኝ። ስለ ዋጋው ከሻጭ፤ ስለ መልኩ ከባለቤቴ፤ ስለ ኃይሉ ከሳጥኑ ጠይቄ፤ መኪናውን በየቀኑ የምትይዘውን ሰው ግን ሳልጠይቅ መግዛቴን ያን ጊዜ አስተዋልሁ።

ከዚህ በኋላ የዚህን መኪና ታሪክና አሠራር መመርመር ጀመርሁ። በ1893 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1901) የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። እርሱም አስቀድሞ በሎንዶን ከተማ አቧራን በአየር ግፊት እየነፋ የሚያባርር መኪና ሲሠራ አይቶ ነበር። የተነፋው አቧራ ተመልሶ ስለሚወድቅ፤ ከመንፋት መሳብ ይሻላል ብሎ አሰበ። ሐሳቡን ለመፈተን መሐረቡን በምግብ ቤት ወንበር ላይ አኑሮ በአፉ ቢስብ፤ አቧራው በመሐረቡ ላይ ታትሞ ተገኘ። የሠራው መኪና ግን እጅግ ትልቅ ስለ ነበረ በፈረስ እየተጐተተ በደጅ ይቆምና ረጅም ቱቦው በመስኮት ይገባ ነበር። በ1894 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1902) የእንግሊዝ ንጉሥ ሰባተኛው ኤድዋርድ ዘውድ ሲጭኑ፤ የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ የተጠረገው በዚሁ መኪና ነው። ዐፄ ምኒልክ ወክለው የላኳቸው ራስ መኰንን ወደ ሎንዶን የሄዱትም ለዚሁ የዘውድ በዓል ነበር።

ይህን መኪና ወደ ቤት ያስገባው ግን ሌላ ሰው ነው። በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ አገር፤ በካንተን ከተማ፤ ጄምስ መሪ ስፓንግለር የሚባል የሱቅ ጠራጊ ነበር። አስም ስለ ነበረበት ከመጥረጊያው የሚነሣው አቧራ እጅግ ያስቸግረው ነበር። ስለዚህ የማራገቢያ ሞተር፤ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ በእጅ የሚገፋ የአቧራ መሳቢያ ሠራ። በ1900 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1908) የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ መብቱንም የቆዳ ዕቃ ነጋዴ ለነበረው ለዊልያም ሁቨር ሸጠለት። ከዚያ ወዲህ ሁቨር የሚለው ስም በዓለም ተሰማ። እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቼ ልብ ይበሉ፤ ይህ የቤት ዕቃ የተፈጠረው ከአንድ ጠራጊ ሳል ነው። እኛ ስንገዛው ግን ጠራጊውን እንረሳለን።

የመኪናው አሠራር ቀላል ነው። ሞተሩ በውስጥ ያለውን ማራገቢያ በፍጥነት ሲያሽከረክረው አየር በቱቦው ይሳባል፤ ከአየሩም ጋራ አቧራው ይገባል። አቧራው በከረጢት ወይም በመያዣ ውስጥ ይቀራል፤ አየሩም በማጣሪያ አልፎ ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ መኪናው ሁለት አፍ አለው ማለት ይቻላል፤ በአንዱ ይስባል፤ በሌላው ይተነፍሳል። ገዢ ሁሉ የሚመረምረው የሚስበውን አፍ ነው፤ ለደረት የሚጐዳው ወይም የሚጠቅመው ግን የሚተነፍሰው ነው።

በዓይን የምናየው ጕድፍ ለጤና ብዙ አያሰጋም፤ በአፍንጫና በጕሮሮ ይቀራል። የሚያሰጋው የማይታየው ደቃቅ ነው። አንድ ሚሊሜትር በሺህ ቢከፈል አንዱ ክፍል ማይክሮን ይባላል። የሰው ጠጕር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ያህል ሲሆን፤ ከ10 ማይክሮን ያነሰ አቧራ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰው ደግሞ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። ይህ ደቃቅ በደረቅ መጥረጊያ ሲነሣ ለብዙ ሰዓት በአየር ላይ ተንሳፎ ይቈያል። ማጣሪያው ደካማ የሆነ የአቧራ መሳቢያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን ለመግዛት ለሚያስቡ የተረዳሁትን በየተራው ልግለጥ።

በመጀመሪያ፤ ከገበያው በፊት የቤትዎን ወለል ይመልከቱ። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ንጣፍ ሁኖ ምንጣፍ ከሌለበት፤ እርጥብ መወልወያ አቧራውን ሳያስነሣ ይይዘዋልና ምንም መኪና ሳይገዙ ሊኖሩ ይችላሉ። የአቧራ መሳቢያ ጥቅሙ በእውነት የሚታየው በምንጣፍ፤ በሶፋ፤ በመጋረጃና በፍራሽ ላይ ነው። በእነዚህ ውስጥ አስም የሚቀሰቅሱ፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮችም ይኖራሉ። ወፍራም ምንጣፍ ላለበት ቤት የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው አፍ ያስፈልጋል፤ ለጣውላ ወለል ግን እንዳይጭረው ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ በዋት ቍጥር አይታለሉ። ዋት የሚነግረን መኪናው የሚበላውን የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ የሚስበውን የአቧራ መጠን አይነግረንም። በሬ ብዙ ጭድ ስለ በላ ብቻ ብዙ ያርሳል አይባልም። የኤውሮጳ ኅብረት በ2014 በአቆጣጠራቸው ከ1,600 ዋት በላይ የሆነ የቤት አቧራ መሳቢያ ለገበያ እንዳይቀርብ ከለከለ፤ በ2017 ደግሞ ወሰኑን ወደ 900 ዋት አወረደው። ከዚያም ወዲህ ፋብሪካዎቹ የአፉንና የቱቦውን ቅርጽ አሻሽለው በትንሽ ኃይል በሚገባ የሚጠርግ መኪና ሠርተዋል። የዚህን ነገር ክብደት ለቃሊቲና ለአቃቂ ሰው በቅርብ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ በአገራችን በውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ካመነጩት ቀደምት ጣቢያዎች አንዱ ሲሆን፤ ሙሉ ኃይሉ 6.6 ሜጋዋት ነበር። ባለ 1,600 ዋት መኪና የያዙ 4,125 ቤቶች በአንድ ጊዜ ቢጠርጉ የዚያን ጣቢያ ኃይል ሁሉ ይጨርሱት ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ማጣሪያው አጥብቀው ይጠይቁ። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ በአሜሪካ መለኪያ 0.3 ማይክሮን ከሚያህል ደቃቅ ከመቶው 99.97 እጁን የሚይዝ ነው። በሳጥን ላይ «ሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓን የሚመስል» ተብሎ ቢጻፍ ግን ይህን መለኪያ ማሟላቱን አያረጋግጥም። ማጣሪያው መልካም ቢሆን እንኳ የመኪናው አካል በደንብ ካልገጠመ አየሩ በስንጥቁ ሾልኮ ይወጣል። ይህን በሱቅ ውስጥ በቀላሉ ለመሞከር፤ ጥቂት የረጠበ ነጭ ጨርቅ ይያዙና መኪናው አቧራ ሲስብ በአየር መውጫው ላይ ያኑሩት፤ ጨርቁ ቢጠቍር መኪናውን ለሻጩ ይተዉለት። እጅግ ደቃቁ በጨርቅ ላይ አይታይምና ፈተናው ፍጹም ባይሆንም፤ ክፉውን መኪና ለመለየት ይረዳል።

ፈተናውም በባዶ መኪና እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል፤ መያዣው ሲሞላ የመሳብ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላልና። በ2018 በአቆጣጠራቸው የኤውሮጳ ኅብረት ጠቅላይ ችሎት፤ ዳይሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ባቀረበው ክስ፤ ስለ አቧራ መሳቢያ የኃይል ምልክት የወጣውን ደንብ ሽሮታል። ምክንያቱም መኪናዎቹ የሚፈተኑት መያዣቸው ባዶ ሁኖ ስለ ነበረ፤ ይህም በእውነተኛው የቤት ሥራ ጊዜ የሚሆነውን አያሳይም በማለት ነው። ፍርዱ ለእኛም ሸማቾች ትምህርት ይሆነናል።

አራተኛ፤ ባለ ከረጢት ወይስ ያለ ከረጢት የሚለውን ይወስኑ። ከረጢት ያለበት መኪና አቧራውን እንደ ታሸገ አውጥቶ ለመጣል ይመቻል፤ ለሚያስል ሰው ይህ ይሻላል። ነገር ግን ከረጢቱ እየተገዛ የሚተካ ነውና መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ከረጢቱ በዚያው ከተማ ዘወትር መገኘቱን ያረጋግጡ። ያለ ከረጢት የሚሠራው ወጪ ያድናል፤ ሲደፋ ግን አቧራው ይመለሳል። ስለዚህ ደጅ ወጥቶ፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፤ መያዣውን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ቀስ ብሎ መድፋት ይገባል። የሚታጠብ ማጣሪያ ከሆነም ፈጽሞ ሳይደርቅ መመለስ አይገባም።

አምስተኛ፤ ከውጭ አገር ዘመድ የሚላከውን መኪና ይመርምሩ። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ወንድም ወይም እኅት ከዋሽንግተን በፍቅር የላኩትን መኪና እንዲሁ ቢሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚለውጠው ትንሽ ማገጣጠሚያም ቮልቱን አይለውጥም፤ ቮልቱን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ደግሞ ለእንዲህ ያለ መኪና ከባድና ውድ ነው። ከእንግሊዝ ወይም ከዱባይ የመጣው በቮልቱ ይስማማል፤ የሶኬቱ ቅርጽ ግን የተለየ ነው። በባትሪ የሚሠራውም መብራት ሲጠፋ ያገለግላል፤ ዳሩ ግን ባትሪው በዓመታት ውስጥ ስለሚደክም የሚተካ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ስድስተኛ፤ መኪናው የማይነካውን ነገር ለቤተ ሰቡ ሁሉ ያስታውቁ። ከቡናው ምድጃና ከዕጣን ማጨሻው የወደቀ ፍም ወይም ትኵስ ዐመድ በመኪናው ቢሳብ እሳት ያስነሣል። ለደረቅ ብቻ የተሠራ መኪና ውኃ ቢስብ ኤሌክትሪኩ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ለበዓል የተጐዘጐዘ ቄጠማ አስቀድሞ በእጅ ይነሣ፤ በቱቦውና በሚሽከረከረው ብሩሽ ላይ ይጠመጠማልና። ግድግዳ ወይም ጣራ ሲታደስ የሚረግፈው የጂብሰምና የሲሚንቶ ዱቄትም ለቤት መኪና አይስማማም፤ ማጣሪያውን ደፍኖ ሞተሩን ያበላሻል።

ሰባተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፤ የሚጠርገውን ሰው ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። መኪናውን ያንሣው፤ እጀታው ከቁመቱ ጋራ መስማማቱን ይይ፤ መያዣውን ከፍቶ ይዝጋው፤ ጩኸቱንም ይስማ። የቤቱ ጌታ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ የማይነካውን ዕቃ በራሱ ዓይን ብቻ መምረጡ፤ ለሌላ ሰው ጫማ በገዛ እግሩ እንደ መለካት ያለ ነው።

እኔም በሁለተኛው ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። የእኅቴን ልጅ ይዣት ሄድሁ፤ አማቴም ከአሮጌ ነጠላቸው ቀደው አንድ ቍራጭ ነጭ ጨርቅ ሰጡን። ከቤት ምንጣፍ ያራገፍነውን አቧራም በወረቀት ጠቅልለን ይዘን ነበር። ሻጩ በመጀመሪያ ሳቀብን፤ በኋላ ግን እርሱ ራሱ ሌሎቹን መኪናዎች በጨርቃችን ይሞክር ጀመር። ሁለቱ ጨርቁን አጠቈሩት፤ ሦስተኛው ግን ነጭ አድርጎ መለሰልን። ባለ 800 ዋት፤ ባለ ከረጢት፤ መልኩም ዐመድማ የሆነ፤ ማንም እንግዳ ዘወር ብሎ የማያየው መኪና ነው። ልጅቱ በአንድ እጅዋ አነሣችውና «ጋሼ፤ ይኸኛው ይሻላል» አለችኝ።

መኪናው ግን መድኃኒት አይደለም። ሐኪም ያዘዘላትን ዛሬም ትወስዳለች፤ የአስም ሕመም ያለበት ሰው ከተቻለ ሲጠረግ ከክፍሉ መውጣት እንደሚገባው ስለ ተረዳን፤ መጥረጉን እኔና ባለቤቴ በየተራ ይዘነዋል። ከሥራ በፊት ቱቦውን ይዤ ሳሎን ውስጥ ስዞር የሚያየኝ ጐረቤት ይገረማል። እኔም መኪናው ከባድ ወይም ቀላል፤ ጩኸታም ወይም ዝምተኛ መሆኑን አሁን በክንዴና በጆሮዬ አውቄዋለሁ። ሳሉ ፈጽሞ ባይጠፋም ቀንሷል፤ ጧት ጧት ከማሳል ይልቅ ደብተርዋን ስታነብ እንሰማታለን።

የመጀመሪያው ባለ 2,400 ዋት መኪና ወርቅማ ቀለሙን እንደ ያዘ በዕቃ ቤት ጥግ ተቀምጧል፤ የቃሊቲ አቧራም ለብሷል። ሊገዙ የሚያስቡ ሁሉ ከሳጥኑ ቍጥር አስቀድመው መጥረጊያውን የሚይዘውን ሰው ይጠይቁ።